አጠገባችሁ ቆሜ እንድማር ለፈቀዳችሁልኝ እናቶች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴና ለአካባቢዋ እናቶች፣ ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች ሁሉ፤
ባላችሁበት።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

የአብዛኞቻችሁን ስም አላውቅም፤ የማውቀውንም የሙያ ምስጢር ስለሆነ አልጽፈውም። እናንተም ብትሆኑ የእኔን ስም የያዛችሁት አይመስለኝም። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ሂጃቧን ወደ ውስጥ ከትታ፣ ባጅ አንጠልጥላ ከአልጋችሁ ግርጌ ቆማ ደብተር ላይ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ትዝ ካለቻችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። እኔ ካልሆንኩም ጓደኛዬ ናት፤ ምስጋናው የጋራችን ነው። በ2017 ዓ.ም. ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሚድዋይፈሪ፣ በሀገርኛው በአዋላጅነት፣ ተመርቄያለሁ።

የምርቃት ሰሞን ግርግሩን ታውቁታላችሁ። ጋውን ኪራይ፣ ፎቶ፣ ከየሀገሩ የሚመጣ ዘመድ፣ ፒያሳ ላይ የሚጠፋ የሆቴል አልጋ። ተመራቂዎች የምናሳትመው መጽሔትም አለ። ለእያንዳንዳችን ከፎቷችን ሥር ጥቂት መስመር ይሰጠንና የመጨረሻ ቃላችንን እንጽፋለን። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ፈጣሪ አለ፣ እናትና አባት አሉ፣ የዶርም ልጆች አሉ፣ መምህራን አሉ። አንዱ ላይብረሪ ውስጥ የሚቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር አመስግኗል። ታካሚ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እኛ እንዴት እንደምንማር ለማታውቁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስኪል ላብ የሚባል ክፍል ውስጥ በላስቲክ በተሠራች እናት ላይ እንለማመዳለን። ሆዷ ይከፈታል፣ ውስጧ የላስቲክ ሕፃን አለ፣ መምህሩ ከወዲያ ይገፋል እኛ ከወዲህ እንቀበላለን። ጥሩ ነገር ነው፤ አልንቀውም። ግን ላስቲኳ እናት አታልባትም። እጅ ጨብጣ አልለቅም አትልም። «ልጄ ደህና ነው ወይ?» ብላ ዓይን ዓይን አታይም። ከዚያ ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ እንወጣለን፤ አታችመንት እንለዋለን። እያንዳንዳችን ደብተር አለን፤ ያየነው ወሊድ፣ ያገዝነው ወሊድ፣ በተቆጣጣሪ ፊት በእጃችን ያዋለድነው ወሊድ እየተቆጠረ ይመዘገብበታል፣ ይፈረምበታል። ያ ደብተር ካልሞላ መመረቅ የለም። የእኔ ደብተር የሞላው በእናንተ ምጥ ነው።

አንዲት እናት ከኩታበር በኩል መጥተው ነበር። አራተኛ ልጃቸው ነው። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ሆድ በእጅ ዳስሶ ሕፃኑ እንዴት እንደተኛ መለየት የምንማርበት ጊዜ። ላይኛውን፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ ታችኛውን እያልኩ በተማርኩት ቅደም ተከተል እዳስሳለሁ፤ ለእጄ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። መምህሯ ሌላ አልጋ ጋ ናት። እናትየዋ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና እጄን ያዙት። «ወዲህ ነይ። ይኼ ጀርባው ነው፣ ለስላሳ አይደለም? በዚህ በኩል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲረግጠኝ ነው ያደረው» አሉና መዳፌን ራሳቸው ወስደው አስቀመጡት። ለስላሳና ወጥ ነበር። በሌላው ጎን ደግሞ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ነገር አለ፤ እጅና እግሩ። የልብ ምት የምናዳምጥባትን ቀንዳማ መሣሪያ ባሳዩኝ ጀርባ በኩል ዝቅ አድርጌ ተከልኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። የእናትየውን ምት ከልጁ እንዳናሳስት የእናትን እጅ አንጓ ይዘን ነው የምናዳምጠው። የሳቸው በእጄ ላይ ረጋ ብሎ ይመታል፤ በጆሮዬ የሚገባው ደግሞ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይፈጥናል። ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት፤ መሐል ላይ ነው። ቀና ብዬ «ደህና ነው እናቴ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔማ አውቄዋለሁ። አንቺ እንድታውቂ ብዬ ነው እንጂ!»

ይችን ትምህርት የሰጠኝ መጽሐፍ የለም። እሳቸው ደግሞ የትም የመምህር ደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈሩም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከተማችን ውስጥ አቅም ያለው ሰው ሚስቱን ወደ ግል ክሊኒክ ይወስዳል። እዚያ አልጋ ግርጌ ተማሪ ተሰልፎ አይቆምም፤ በር ይዘጋል፣ አንድ ሐኪም ይገባል፣ ያበቃል። ተማሪ የሚቆመው ከለጋምቦና ከከላላ፣ ከአምባሰልና ከወረባቦ፣ ከመቅደላና ከደላንታ መኪና ተሳፍረው፣ አንዳንዴም በቃሬዛ መንገድ ድረስ ወርደው በሚመጡት እናቶች አልጋ ግርጌ ነው። እንግዲህ በዚህ ሀገር አዋላጅንም ሆነ ሐኪምን የሚያስተምረው ድሃው ነው ማለት ነው። ገላውን አውሶ ያስተምራል። ተምረን ስንወጣ ደግሞ መጀመሪያ የምናስበው ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ግል ሆስፒታል፣ ሲሳካም ስለ ውጭ ሀገር ነው። በማንም አልፈርድም፤ የጤና ባለሙያ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚያስተርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የተማርነው በማን ላይ እንደሆነ ቢያንስ መናገር አለብን።

የመንግሥትን ዕዳማ ፈርመናል። የወጪ መጋራት ቅጹ ላይ ምግብ አለ፣ መኝታ አለ፣ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶ አለ። ተደምሮ ከታች በብር ተጽፏል፤ ሥራ ስንይዝ ከደመወዝ እየተቆረጠ ይከፈላል። የእናንተ ድርሻ በዚያ ቅጽ ላይ ሣጥን አልተሠራለትም።

ከእናቶቻችን ዘመን ጋር ሳስተያየው ደግሞ ያደረጋችሁት ነገር ከእኔ መማር በላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ቁጥሩ 412 ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው፤ አንዷም ብትሆን ብዙ ናት። በዚያው በ2008ቱ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ይህን ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ። ቁጥሩ ውስጥ ያለው ሰው የገባኝ ግን አምቡላንስ በር ላይ ቆሜ ስቀበላችሁ ነው። ጤና ተቋም ሄዶ መውለድ ማለት ለአንዲት የገጠር እናት ከእናቷ እቅፍ ወጥቶ የማታውቀው ሰው ፊት መራቆት ነው። ቤቷ ብትሆን ምድጃ አለ፣ ገንፎ አለ፣ ወገቧን የምትደግፍላት ጎረቤት አለች። ከባቲ ቆላ ለመጣችው ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ አለ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝና የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገቡ ያ ብርድ አጥንት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ምጧ ከመጣ ውሎ አድሮ የደረሰች አለች። ይህን ሁሉ አልፋችሁ መጣችሁና እኛ ደግሞ ደብተር ይዘን ጠበቅናችሁ።

ሁላችሁም እሺ አላላችሁም። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል፣ የመጀመሪያዋ ነው። ተቆጣጣሪያችን ልትመረምራት ስትጠጋ እኛ ከኋላ ተከተልን። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ጎተተችና «ተማሪ አልፈልግም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ተቆጣጣሪያችን ዞራ በዓይኗ በሩን አሳየችን፤ ወጣን። ከወለደች በኋላም አልጠራችንም። በማግስቱ ልጇን ታቅፋ ከባሏ ጋር ሄደች፤ በአጠገባችን ስታልፍ ቀና ብላም አላየችንም።

እሷን ከሁላችሁ እኩል አመሰግናለሁ። ብዙ ቦታ «ልመርምርሽ» የሚባለው ጓንት ከተጠለቀ በኋላ ነው። ያ ጥያቄ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ ምን እንደሚመስል ያሳየችን እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ እኔና ጓደኞቼ ስማችንን፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆንን፣ ማን እንደሚቆጣጠረን ተናግረን፣ እጃችንን ኋላ አድርገን ጠብቀናል። የሚገርመው፣ እንዲህ ሲጠየቁ አብዛኞቻችሁ እሺ ትላላችሁ። «ተማሪ ካልነካው እንዴት ይማራል» ያሉኝን የወረባቦ እናት አልረሳቸውም። ምጡ ሲለቃቸው ነው የተናገሩት፤ ሲመጣ ደግሞ ክንዴን ጨምቀው ይዘው ነበር፤ ጣታቸው የነካበት ቦታ እስከ ማታ ቀልቶ ቆየ።

አስታማሚዎች፣ እናንተም አላችሁ። ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፋችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ የምታድሩት። ሌሊት ተረኛ ስንሆን ከፔርሙዛችሁ ቡና ጀባ ያላችሁን፣ ከፌስታላችሁ ቂጣ ቆርሳችሁ «ብዪ እንጂ፣ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ» ያላችሁን። የካፌያችንን እራት የቀመሰ ያ ቂጣ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደም ያስፈልጋል ሲባል የራሱን ሚስት ተኝታ ትቶ፣ ለማያውቃት ሴት እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ደም ባንክ የሄደውን ሰውዬም አይቻለሁ። ከከሚሴ በኩል የመጣችና አማርኛ የማትሰማ እናት ነበረች። «ግፊ» ስንላት ታቆማለች፣ «አትግፊ» ስንላት ትገፋለች። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት፣ ራሳቸው ትናንት የወለዱ ሴት፣ በኦሮምኛ እየጮሁ አስተርጉመው አዋለዷት ማለት ይቀላል። ገለቶማ! አንዷ ማርያምን አንዷ ነቢን ስትጣራ መስማትም ነበር፤ እሱን ግን ስለ ወሎ የሚጽፍ ሁሉ ይጽፈዋልና አልደግመውም።

ሁልጊዜ በእልልታ አያልቅም። አንድ ሌሊት ሕፃኑ ሳይተነፍስ ተወለደ። ሆድ ውስጥ እያለ ነው ያለፈው፤ ሲመጡም የልብ ምት አልነበረም። ተቆጣጣሪያችን የምትለውን ለእናትየው ብላ ከጨረሰች በኋላ ሕፃኑን ማጠብና መጠቅለል የእኔ ድርሻ ሆነ። ለአያትየው ላስረክባቸው ስወጣ እጄ ላይ ያለውን ሳይሆን ፊቴን ነበር ያዩት። ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፣ ጠርዙን ገልጠው አዩት፣ መልሰው ከደኑት። ከዚያ በሌላኛው እጃቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው «አብሽሪ ልጄ። የአላህ ነው። አንቺ ሌላዋን አዋልጂ» አሉኝ። በዚያ ሌሊት እሳቸውን ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የተማርንበትን ሆስፒታል በተመለከተ ብዙ አልልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ምን እንደደረሰባቸው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ዝርፊያውንና ውድመቱን በዓይናችሁ አይታችኋል። እኛ ወደ ዋርድ የወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ያገኘነው አልጋ፣ ያገኘነው መብራት፣ ያገኘነው የመመርመሪያ ዕቃ ሁሉ አንድ ሰው ሮጦ፣ ለምኖ፣ ጠግኖ እንደገና ያቆመው ነው። ለእነዚያ ሲስተሮች፣ ሐኪሞች፣ ጥበቃዎችና ጽዳቶች ምስጋና ይድረሳቸው። ጽዳቶቹን በተለይ። ማዋለጃ ክፍል ወሊድ አልቆ እናትየው ወደ ማገገሚያ ስትወጣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል፤ ወለሉን ያየው ሰው ነው የሚገባው።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለማመስገን ብላ መጥታ ልመና ጀመረች አትበሉኝ፤ ልመናው ለሚቀጥሉት ነው።

አንደኛው ለእናንተ ነው። ከእኛ በኋላ ሌሎች ተማሪዎች ይመጣሉ። ፍቀዱላቸው። ግን በደፈናው አይደለም። «ማን ነሽ? ስንተኛ ዓመት ነሽ? ማን ነው የሚቆጣጠርሽ?» በሏቸው። ተማሪ መሆኑን ያልነገራችሁን አስቁሙት። እምቢ ማለት ከፈለጋችሁ እምቢ በሉ፤ ተማሪ አይንካኝ ያለች እናት ሕክምናዋ አይቀነስባትም፣ ወሊድም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ ማንም ውለታ አልዋለላችሁም። ወንድ ተማሪ እንዳይገባ የምትፈልጉም ይህንኑ ተናገሩ። ከፈቀዳችሁ ደግሞ እንደ ኩታበሯ እናት አውሩላቸው፤ የት እንዳመማችሁ፣ የት እንደሚረግጣችሁ፣ እጃቸው ሲከብድ «ቀስ በይ» በሏቸው። ዝም ካላችሁ ተማሪው የሚማረው ዝምታን ነው።

ሁለተኛው ለአስተማሪዎቼና የጤና ባለሙያ ለሚያስተምሩ ተቋማት ሁሉ ነው። ደብተራችን ላይ የቀን ረድፍ አለ፣ የካርድ ቁጥር ረድፍ አለ፣ «አገዘች» ወይስ «አዋለደች» የሚል አለ፣ የተቆጣጣሪ ፊርማ አለ። አንድ ረድፍ ጨምሩ። «ተጠይቃ ፈቅዳለች» የሚል። አታሚው ተጨማሪ ብር አይጠይቅበትም። ያ ረድፍ ካልተሞላ ወሊዱ አይቆጠርም በሉ፤ ተማሪ ለሚቆጠር ነገር ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በምርቃት ቀንም የክብር እንግዳ ወንበር ሲደረደር አንዱን እዚያ ሆስፒታል ለወለደች እናት ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ንግግር አታድርግ። ቁጭ ብላ ትይ።

እኔስ? የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ የሙያ ፈቃድ ወረቀቴን ይዤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ እየዞርኩ ነው። በሀገሪቱ አዋላጅ አነሰ እየተባለ አዋላጅ ሥራ ፈት መሆኗን የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ቡናው በእኔ ነው። የትኛውም ወረዳ ይሁን፣ ጤና ጣቢያው መብራት ባይኖረውም፣ ከጠሩኝ እሄዳለሁ። እስከዚያው ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ነኝ፤ የሰፈሩ እርጉዝ ሁሉ ደም ግፊቷን ለመለካት እኛ በረንዳ ላይ ነው የምትውለው።

ልሰናበታችሁ ስል አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሙያ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። በእጃችን የተወለዱትን ልጆች ክትባት አደራ። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ውሰዷቸው። የኩፍኝ ደግሞ በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ የ15 ወሩን ብዙዎቻችሁ ትዘነጉታላችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት። እንገሩን አትድፉት፣ ለልጁ ነው የመጣው። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። አያቶች፣ እናንተን እንደ እናቶቼ ነው የማያችሁ፣ ግን ለአራሱ ልጅ ቅቤ ማላስ ይቅር። ቅቤው ለገንፎው ይሁን።

አክባሪያችሁ፣
የ2017 ዓ.ም. የሚድዋይፈሪ ምሩቅ
ኮምቦልቻ